በእማማ ሣር ላይ የወጣው መንገድ

ሰውን አፈርህን ጠብቅ እያልኩ መምከር እንጀራዬ ነው። ሰቆጣ ላይ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት፣ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ስንት እርከን እንዳሠራሁ፣ ጎርፍ የሚያግድ ስንት የድንጋይ ክትር እንዳስገነባሁ የሚጠይቀኝ አለቃ አጥቼ አላውቅም። ስንት ቦረቦር እንደከፈትኩ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ አንድ እል ነበር። ጎርፍ ቆፍሮት የሄደ፣ ሰው ቢገባበት እስከ ደረቱ የሚውጥ ቦረቦር። የጀመርኩት በራሴ እግር ነው፤ የጨረሰው የሰፈሩ ሰው ነው።

የተከራየሁት ቤት ከከተማው ዳር፣ ጉብታ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቴ ከጉብታው ሥር ነው። መንገዱ ጉብታውን ዞሮ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አልፎ ይወርዳል፤ ቀልጠፍ ብሎ ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በቤቴና በመሥሪያ ቤቴ መካከል ቁልቁል የተዘረጋ ሣር ነበር። በእሾህ የታጠረ፣ ከብት የማይገባበት፣ በመስከረም እየታጨደ የሚሸጥ የአንዲት እናት ሣር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ከሣሩ ሥር የገብስ ማሳቸው፣ ከማሳው ሥር ቤታቸው፣ ከቤታቸው ሥር ደግሞ ሁላችን የምንሄድበት ዋናው መንገድ አለ። ሁሉም በተርታ የተቀመጠ ነው፤ የላይኛው ቢንሸራተት የታችኛው ላይ ይወድቃል። ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። እኔ ግን ባለሙያ ነበርኩ።

አንድ የጥቅምት ጧት ረፈደብኝ። የረፈደብኝ ደግሞ ከየቀበሌው ለተሰበሰቡ ገበሬዎች ንግግር የማደርግበት ስብሰባ ነው። ርእሱን የመረጥኩት እኔው ነኝ፦ «የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ»። ቁልቁል ሳይ የእማማ አጥር አንድ ቦታ ላይ ሳስቷል። ቀሚሴን ሰብሰብ አደረግሁና «ለዛሬ ብቻ» ብዬ ተሻገርኩ። ሣሩ ሳይታጨድ የቀረው ክፍል ጉልበቴ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ጤዛው ካልሲዬን አራሰው። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ ነበርኩ።

ስብሰባው ላይ አሳምሬ ተናገርኩ። «አንድ ሰው አንድ ድንጋይ ቢያነሣ ምን ይጠቅማል አትበሉ፤ አንድ ሰው አንድ ዛፍ ቢቆርጥ ምን ይጎዳል አትበሉ» አልኳቸው። ተጨበጨበ። ስቀመጥ ቀሚሴ ጫፍ ላይ የተጣበቀውን የሣር ፍሬ አንድ በአንድ ለቀምኩና ጠረጴዛው ሥር ጣልኩት።

በማግስቱ አልረፈደብኝም። ግን ትናንት የረገጥኩት ሣር እንደተኛ ነበር። የተኛ ሣር ላይ መሄድ አዲስ ጥፋት መስሎ አልታየኝም። በሦስተኛው ቀን ይህን እንኳ አላሰብኩም።

ከእኔ ቀጥሎ ያለፈው ጎረቤቴ ነው፤ አስተማሪ ነው፣ ትምህርት ቤቱም በመሥሪያ ቤቴ በኩል ነው። ኋላ እንደነገረኝ፣ «የአፈር ባለሙያዋ ከሄደችበት ቢፈቀድ ነው» ብሎ ነበር። እሱን ያዩ ሌሎች አስተማሪዎች ተከተሉ። ከፃግብጂ በኩል ለገበያ የሚመጡ ሰዎች አህዮቻቸውን በዚያው ነዱ። ለገና ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሜ ስመለከት ከጉብታው አናት እስከ ገብሱ ማሳ ድረስ አንድ ነጭ መስመር ተጋድሟል። ሰዉ ስም አውጥቶለታል፤ «የባለሙያዋ መንገድ» ይሉታል። በሕይወቴ በእኔ ስም የተጠራ ነገር እሱ ብቻ ነው።

እማማ እሾህ ጨመሩ። እሾኹ በማግስቱ ወደ ዳር ተገፍቶ ተገኘ። ድንጋይ ደረደሩ፤ ሰው ድንጋዩን መረማመጃ አደረገው። በመጨረሻ አንድ ጧት ከዘራቸውን ይዘው ከአጥሩ አፍ ላይ ቆሙ። ከፊቴ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ መጀመሪያ የደረሰው ጎረቤቴ ነው።

«አንተ፣ ስንት ነህ?» አሉት።

«እንዴት ስንት ነኝ፣ እማማ?»

«ስንት ሰው ነህ ነው የምልህ።»

«አንድ ነኛ!»

የሚቀጥሉትንም ጠየቁ፤ አንድ፣ አንድ። ተራው ደረሰኝ።

«አንቺስ፣ ልጄ?»

«አንድ ነኝ፣ እማማ» አልኩ።

«ሁላችሁም አንድ አንድ ናችሁ» አሉ። «ታዲያ ሣሬን የጨረሰው ያ ብዙው ሰው በየት በኩል ነው የሚያልፈው? እሱን እኮ ነው ቆሜ የምጠብቀው።»

ሁላችንም ሳቅን። እየሳቅን አለፍን። እሳቸው ከኋላችን በኽምጣንኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። ሌሎቹ ከሌላ አገር የመጡ ስለሆኑ አልገባቸውም፤ እኔ ግን የአምደወርቅ ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በእሱ ነው። እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «ልጆች ናቸው፣ ይቸኩላሉ» ነው ያሉት። እንዳልሰማ ሆኜ ወረድኩ።

ክረምት ሲገባ ውኃውም አቋራጩን አገኘው። ድሮ ከጉብታው አናት የሚወርደው ዝናብ በሣሩ ላይ ተበታትኖ እየሰረገ ይቀር ነበር። አሁን እኛ ጠርገን፣ ረግጠን፣ አጠንክረን ያዘጋጀንለት ቦይ አለ። የመጀመሪያው ክረምት መንገዱን አንድ ስንዝር አጎደጎደው። ሰዉ ምንም አላለም፤ እንዲያውም ሁለት ዳርና ዳር ስለወጣለት አሁን ገና እውነተኛ መንገድ መሰለ የሚል ነበር። በጎድጓዱ ውስጥ መሄድ ሲያስቸግር ከጎኑ ሌላ መንገድ ወጣ፤ ያም ጎደጎደ። በሁለተኛው ክረምት ሁለቱ ተገናኙ። አንድ የሐምሌ ከሰዓት የወረደ ጎርፍ የገብሱን ማሳ ለሁለት ሰንጥቆ፣ የእማማን የግቢ ካብ አፍርሶ፣ ዋናውን መንገድ ቆርጦ ሄደ።

እንግዲህ አቋራጩም የለም፤ ዋናውም የለም። አንድ የአተር ጭነት የያዘች አህያ ከቦረቦሩ ገብታ፣ ሰው ተሰብስቦ በገመድ ነው ያወጣት። ባጃጅ ወደ ሰፈራችን መውጣት አቆመ። ከቤቴ መሥሪያ ቤቴ ለመድረስ በሌላው የጉብታ ጎን ዞሬ አንድ ሰዓት ሙሉ መሄድ ጀመርኩ። ሃያ ደቂቃ ለማትረፍ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነው።

የጉዳቱን መንስኤ አጥንቶ እንዲጽፍ መሥሪያ ቤቱ ባለሙያ መደበ። የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሜትር ይዤ ወረድኩ፣ ጥልቀቱን ለካሁ፣ ስፋቱን ለካሁ፣ ፎቶ አነሣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ መንስኤ የሚለው ቦታ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ከዚያ እንደ ለመደው ሄደ፦ አንደኛ፣ የመሬቱ ተዳፋትነት። ሁለተኛ፣ ልቅ ግጦሽ። ሦስተኛ፣ የማኅበረሰቡ የግንዛቤ ማነስ።

ተዳፋትነቱ እውነት ነው፤ እግዚአብሔር ሲፈጥረው ጀምሮ ተዳፋት ነው። ግንዛቤው ያነሰው ማኅበረሰብ ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ቦርሳ ይዞ በየጧቱ የሚያልፍ ነው። ልቅ ግጦሽ ያልኩት ግን ሁለት ፍየሎች ናቸው። የእማማ ናቸው። በቤታቸው ጓሮ በገመድ ታስረው የሚውሉ፣ ወተታቸውን እሳቸው የሚጠጡት ሁለት ፍየሎች። ለምን ጻፍኩት? ሪፖርት ላይ ልቅ ግጦሽ ካልተጻፈ ያልተሟላ ስለሚመስል ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ክፋት እንኳ ቢኖርበት ለመናዘዝ ይቀል ነበር።

ሪፖርቱ ወደ ላይም ሄደ፣ ወደ ታችም ሄደ። ወደ ታች የሄደው ቀበሌው ጋ ደረሰ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ከጎረቤቴ ጋር በረጅሙ መንገድ ስንወርድ፣ «እማማ ፍየሎቻቸውን ሸጡ አሉ» አለኝ።

«ለምን?»

«ቦረቦሩን ያመጣው ግጦሽ ነው ተባለ። ሊቀመንበሩ መጥቶ ነገራቸው።»

«ታዲያ ዝም አሉ?»

«ምን ይበሉ? ‹ባለሙያ ከጻፈው ልክ ይሆናል› ብለው ወደ ገበያ ነዷቸው።»



የነቢያት ጾም ሊገባ ሰሞን ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። የዚያው ከጉብታው ጎን ያለው ቤተ ክርስቲያን ካህን ናቸው፤ ቀጠን ያሉ፣ ቀልድ የሚያውቁ ሽማግሌ። ከዋርካው ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አጥሩን፣ መንገዱን፣ ፍየሎቹን።

«እኔም አልፌበታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ለኪዳን ሲረፍድብኝ። ካህን ለጸሎት ሲቸኩል በሰው ሣር ቢያልፍ ምንም አይደለም ብዬ ነው። አየሽ፣ የእኔ ከአንቺ ይብሳል፤ እግዜርን ምክንያት አድርጌዋለሁ።»

«ታዲያ ቀኖናዬን ይንገሩኝ፣ አባቴ። ስግደት ከሆነ የፈለጉትን ያህል እሰግዳለሁ።»

«ስግደትማ ለአንቺ ምንሽ ነው? ጉልበትሽ ጤና ነው። አርባ ድንጋይ ተሸክመሽ ቦረቦሩ ውስጥ ታስቀምጫለሽ።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«ስብሰባሽ ላይ ነበርኩ» አሉ። «አንድ ሰው አንድ ድንጋይ ቢያነሣ ምን ይጠቅማል አትበሉ ብለሻል። እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«ድንጋዩ ምን ያህል ይሁን?»

«ሕሊናሽ የሚችለውን ያህል። ሌላም አለ። በፍየሎቹ ነገር ለእናቲቱ በራስሽ አፍ ትነግሪያቸዋለሽ። ድንጋዩ ያለዚህ ድንጋይ ብቻ ነው። በይ፣ እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

ከሁለቱ ቀላሉን መጀመሪያ ያዝኩ። ከጉብታው ማዶ ካለው ድንጋያማ ሜዳ በየጧቱ ሁለት፣ ሦስት ድንጋይ እየተሸከምኩ ቦረቦሩ ውስጥ አስቀምጥ ጀመር። ጎረቤቴ በሁለተኛው ቀን አገኘኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ክትር ልሞክር ብዬ ነው» አልኩት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ሳምንት ሳይሞላ እሱንም ድንጋይ በብብቱ ይዞ አገኘሁት። «ክትሩን ላግዝሽ ብዬ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። ድንጋዩን አስቀምጦ አቧራውን አራገፈና ሳይሰናበተኝ ሄደ። ለወትሮው ሰላምታ ሳያበዛ የሚለይ ሰው አልነበረም። ያኔ ገባኝ፤ የነፍስ አባታችን አንድ ናቸው።

ከዚያ በኋላ መጡ። አንዲት ሴት ድንጋይ በቅርጫት ደብቃ። አንድ ዲያቆን ከነጠላው ሥር። እርስ በርስ ስንገናኝ «እንዴት አደራችሁ» እንባባላለን፤ ማንም «ምን ይዘሃል» አይልም። ምን እንደያዘማ ይታያል። ለምን እንደያዘ ነው ሁሉም ማወቅ የሚፈልገው። ሰዉ በድንጋዩ መጠን ኃጢአት መገመት ጀመረ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ የእንቁላል ታህል ጠጠር በመሐረብ ጠቅልለው መጥተው፣ ዙሪያቸውን አይተው፣ ጣል አድርገዋት ሄዱ። በማግስቱ ከዚያች ሁለት እጥፍ የምትሆን ይዘው ተመለሱ፤ ሌሊቱን ሕሊናቸው ምን እንዳላቸው አላውቅም።

ማር ነጋዴው ደግሞ አላፈረም። ማሩ ውስጥ ስኳር ይጨምራል እየተባለ የሚታማ ሰው ነው። እኩለ ቀን ላይ፣ ገበያተኛ በሚበዛበት ሰዓት፣ በሁለት አህያ ድንጋይ ጭኖ መጣና ከነጠጠሩ አራገፈው።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሠርቶ ነው ይኼን ያህል?» አለች አንዷ ጓደኛዋን።

«ማሩን ቀምሰሽ አታውቂም?» አለቻት።

ነገሩ እዚህ ሲደርስ ንስሐ ያልገቡትም ተጨነቁ። ባዶ እጃቸውን ሲያልፉ ጻድቅ ነኝ ባይ መሰሉ። ሰው በሰፈሩ ኃጢአተኛ መባልን ይችላል፤ ትምክህተኛ መባልን ግን አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ለወጉ አንድ አንድ ድንጋይ ማንሣት ጀመረ። እኔ በስንት ስብሰባ፣ በስንት ሥዕል፣ በስንት ማይክሮፎን ያላንቀሳቀስኩት ሕዝብ ነው።

ችግሩ የድንጋይ ክምር ክትር አለመሆኑ ነው። ቦረቦር ውስጥ የተወረወረ ድንጋይን ጎርፍ እንደ ባቄላ ይዞት ይወርዳል። ይህን አውቃለሁ፤ አስተምራለሁም። ግን አርባዬን ልጨርስ እያልኩ ዝም ብዬ እከምር ነበር። አርባኛውን አስቀምጬ ቀና ስል እማማ ከዳር ቆመው ያዩኛል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ።

«ክትር ነው፣ እማማ።»

«ይኼ ክትር ከሆነ እኔም ድንግል ነኝ» አሉና ከዘራቸውን ጥለው ቦረቦሩ ውስጥ ወረዱ። ደግፌ ልይዛቸው ስል እጄን ገፉት። «መሠረቱን መጀመሪያ ቆፍሪ። ጎንና ጎኑን ወደ አፈሩ ውስጥ አስገቢው። ትልቁ ከሥር፤ ጠፍጣፋው ፊቱን ወደ ላይኛው፣ ወደ ውኃው ያዘንብል። መካከሉን ዝቅ አድርጊው፣ ውኃው በዚያ ይለፍ። ይኼን የገብስ እርከን ከባሌ ጋር የካብኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ቃል በቃል የእኔ ማስተማሪያ ነበር። ልዩነቱ እሳቸው ሠርተውታል።

ያን ቀን አብረን ካብን። እሳቸው ያሳዩኛል፣ እኔ አነሣለሁ። ፀሐይ ስትበረታ ከቦረቦሩ ጥላ ተቀመጥን። ከዚህ ወዲያ የማመካኝበት ድንጋይ አልቀረኝም።

«እማማ፣ በሣርዎ ላይ መጀመሪያ ያለፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቁ?»

«በዚህ ሰፈር ተረከዝ ያለው ጫማ የሚያደርግ ሌላ ማን አለ? በመጀመሪያው ቀን ነው ዱካሽን ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

በኽምጣንኛ መለሱልኝ። ለካ አፋቸውን እንደምሰማ ያውቃሉ። «የመንግሥት ሠራተኛ ናት አልኩ። የልጅ ልጄ ትምህርቱን ሊጨርስ ነው፤ ነገ ሥራ ትፈልግለት ይሆናል አልኩ። አንድ ሰው ብታልፍ ምን ትጎዳኛለች አልኩ። ያን ቀን አጥሬን ብጠግን ኖሮ አንድ እቅፍ እሾህ ይበቃኝ ነበር።»

ከዚያ ሪፖርቱን ነገርኳቸው። ፍየሎቹ ምንም እንዳላጠፉ፣ የጻፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የጻፍኩትም ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብዬ እንደሆነ። ይህንን አላወቁም ነበር። ፊታቸው ተለወጠ። ጭብጥ አፈር አንሥተው በጣታቸው መካከል አፈሰሱት።

«አንዷ አርግዛ ነበር» አሉ። ተነሥተው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ፤ እንድደግፋቸውም አልፈቀዱም። አርባ ድንጋይ ቀለል አድርጎልኝ የነበረው ልቤ፣ በዚያች ዐረፍተ ነገር እንደገና ከበደ።

ለአለቃዬ ሪፖርቱን ላርም አልኩት። ደግ ሰው ነው፤ ግራ ተጋባ።

«ምኑን ነው የምታርሚው?»

«መንስኤውን። መንስኤው እኔ ነኝ።»

«አንቺማ አንድ ሰው ነሽ! አንድ ሰው እንዴት መንስኤ ይሆናል? ደግሞም ሄዷል፤ ከላይ ተጠቃሏል። ተዳፋትነትን መልሱልን ልንላቸው ነው?»

ብለምነው ብለምነው አልሆነም። ቅጹ ላይ ለእኔ የሚሆን ቦታ አልነበረም።

አምደወርቅ ወንድሜ ጋ ሄጄ አንዲት ያረገዘች ፍየል ለምኜ አመጣሁ። ሚኒባሱ ላይ ከጆንያ ጋር አስጭኜ፣ ከሰቆጣ መናኸሪያ ጀምሮ በረጅሙ መንገድ እየጎተትኩ እማማ ደጅ አደረስኳት። እማማ ከበራፋቸው ሆነው ፍየሏንም እኔንም አዩን።

«አልቀበልም» አሉ።

«ለምን፣ እማማ? ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታውስ በእግዜር ነው፤ ይቅር ብያለሁ። ፍየሏ ግን ልቅ ግጦሽ ናት። ደብዳቤ አላት?»

ከምራቸው ነበር። ሊቀመንበሩ ተመልሶ ቢመጣ ምን ያሳዩታል? ስለዚህ መሥሪያ ቤቴ ተመለስኩና ጻፍኩ፦ በገመድ ታስራ በደጅ የምትቀለብ አንዲት ፍየል ልቅ ግጦሽ ተብላ እንደማትቆጠር በባለሙያ ተረጋግጧል። እውነቱን አልፈርምም ያለው አለቃዬ ይህንን በፈገግታ ፈረመ፤ ማኅተም አረፈበት። እማማ ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልለው ከቤተ ክርስቲያን ወረቀታቸው ጋር አስቀመጡት። ፍየሏ በሰቆጣ ዙሪያ መታወቂያ ያላት ብቸኛዋ ፍየል ሳትሆን አትቀርም።

ክትሮቹ እስከ ሰኔ ስድስት ደረሱ። ሰው ድንጋዩን ያመጣል፤ እማማ ቆመው ያዛሉ፤ እኔና ሌሎች ሁለት ሦስት ሰዎች ሆነን እንክባለን። ክረምቱ መጣ። የላይኛው ክትር ፈረሰ፤ እሱን እኔ ብቻዬን ነበር የካብኩት። ሌሎቹ ግን ቆሙ። ጎርፉ ከየክትሩ ጀርባ ደለሉን እያራገፈ አለፈ፤ ዋናው መንገድም ያን ዓመት አልተቆረጠም።

ይህ ሲሰማ እንግዳ መጣ። ከጎረቤታችን ከዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ ከተማ፣ የእኔን ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ልምድ ሊወስዱ መጡ። አለቃዬ በግንዛቤ ማስጨበጫችን የተገኘ ውጤት መሆኑን አብራራ። አንዱ እንግዳ ደብተሩን ከፍቶ፣ «ሕዝቡን ያነሣሣችሁበት ዘዴ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ወደ ካህኑ አየሁ፤ በእንግድነት ተጋብዘው ተገኝተው ነበር።

«እናንተ አገር ኃጢአት አለ?» አሉት አባ።

እንግዳው ደነገጠ። «ይኖራል እንጂ፣ አባታችን።»

«እንግዲያው ይሳካል» አሉት።

ሰውየው ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም። ደብተሩን ግን ወዲያው አልዘጋም።

መስከረም ላይ ከክትሮቹ ጀርባ በተጠራቀመው ደለል ላይ የበቀለው ሣር ከድሮው በላይ ለመለመ። እማማ ተደሰቱና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስነገሩ፦ ድንጋይ ያመጣ ሁሉ ቅዳሜ መጥቶ አንድ አንድ ሸክም ሣር አጭዶ ይውሰድ። ምርቃትም ጨመሩበት። ሕዝቡ አሜን አለ፤ ቀጥሎ እርስ በርሱ ተያየ።

ቅዳሜ ማጭዴን ይዤ ስወርድ ማር ነጋዴው ብቻ ከአህዮቹ ጋር ቆሟል።

«ሌላ ሰው የለም?» አልኩት።

«ማን ይመጣል?» አለ እየሳቀ። «ሣሩን የወሰደ ድንጋዩን አመነ ማለት ነው። እኔ የተበላ ዕቁብ ነኝ፤ ምን እደብቃለሁ?»

እማማ እስከ ቀትር ጠበቁ። በየቤቱም ላኩ። «እኔ አላመጣሁም፣ ጎረቤቴ ይሆናል» የሚል መልስ ከየቤቱ መጣ። በሰፈሩ ድንጋይ የተሸከመ አንድም ሰው ጠፋ። ቦረቦሩ እንግዲህ በራሱ ጊዜ ነው የሞላው።

የድርሻዬን አጭጄ ሸክሙን በጀርባዬ አዘልኩና በረጅሙ መንገድ ወደ ቤቴ ወጣሁ። ከብት የለኝም፤ ግን ካልወሰድኩ እማማ ያዝኑ ነበር። ጎረቤቴ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አወጣ። ጓሮው አንዲት የምትታለብ ላም አለችው።

«ሣሩን ምን ታደርጊዋለሽ?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሄደህ የራስህን አትወስድም? ስንት ድንጋይ አምጥተሃል።»

«ኧረ ተይኝ» አለ። «አስተማሪ ነኝ። ሰው ምን ይላል?»

ሸክሙን በአጥሩ በላይ አቀበልኩት። ግራና ቀኝ አይቶ በፍጥነት ወደ ጓሮው ይዞት ገባ።